የጥበብ ማዕከል ፊልምና ቪዲዮን ከሙቀት፣ ከጎርፍና ከጦርነት ማዳን
የአሠራር መመሪያ፦ እንደ ካርቱሙ ሐጅ ዩሱፍ ባለ ሰፈር ለሚሠሩ ትንንሽ ማዕከላት

ጋዳላ ጉባራ (1920–2008 እ.ኤ.አ.) ሱዳንን በካሜራቸው ሲቀርጹ ኖረዋል። ስቱዲዮ ጋድ የተባለው የግል ተቋማቸው ተወረሰ፤ በስተርጅና የዓይናቸውን ብርሃን አጡ። ሥራቸው ግን አልጠፋም፤ ልጃቸው ሣራና በርሊን የሚገኘው የአርሴናል ተቋም የፊልም ጥቅሎቻቸውን ወደ ዲጂታል አስገልብጠዋል። በሚያዝያ 2023 በሱዳን ሠራዊትና በፈጥኖ ደራሹ ኃይል መካከል ጦርነት ሲነሣ ደግሞ የኦምዱርማኑ የአገሪቱ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ሕንፃ በፈጥኖ ደራሹ ኃይል እጅ ገባ። ሠራዊቱ መልሶ የያዘው በመጋቢት 2024 ነው። የአገሪቱ የምስል መዝገብ ያን ሁሉ ወራት በጦር ሜዳ መካከል ከረመ።

ከሁለቱ ታሪኮች የሚወጣው ትምህርት አንድ ነው፦ በአንድ ቦታ ብቻ ያለ ምስል እንዳለ አይቆጠርም። የሚከተሉት ደረጃዎች በትንሽ ገንዘብ፣ በጥቂት ሰውና መብራት በሚቆራረጥበት ቤት ሊሠሩ የሚችሉ ናቸው። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

1. ሳታጫውቱ ቁጠሩ

የተበላሸ ካሴት ማጫወቻ ውስጥ ሲገባ ራሱም ይቆረጣል፣ ማጫወቻውንም ያበላሻል። ስለዚህ መጀመሪያ መዝገብ አውጡ። ለእያንዳንዱ ዕቃ ቁጥር ስጡ፤ ሽፋኑንና በላዩ ያለውን ጽሑፍ በስልክ ፎቶ አንሡ። ዓይነቱን (16 ወይም 35 ሚሊ ሜትር ፊልም፣ ዩማቲክ፣ ቤታካም፣ ቪኤችኤስ፣ ሚኒ ዲቪ)፣ ርዕሱን፣ ባለሙያውን፣ ቋንቋውንና ያለበትን ሁኔታ ጻፉ። በሱዳን ካሴቶች ላይ የሂጅራም የአውሮፓም ቀን ይጻፋል፤ የሐበሾች ዝግጅት ከሆነ ደግሞ ዓመተ ምሕረት ይኖርበታል። የትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ሳትጠቅሱ ቀን አትመዝግቡ።

2. የታመመውን ለዩ

የፊልሙን ቆርቆሮ ክፈቱና አሽቱ። አቼቶ አቼቶ የሚል ከሆነ አሴቴት የተባለው የፊልሙ አካል መፈራረስ ጀምሯል። አዲስ የአሴቴት ፊልም በ21 ዲግሪና በ50 በመቶ እርጥበት ቢቀመጥ ሽታው እስኪጀምር 40 ዓመት ያህል ይቆያል። ከሚያዝያ እስከ ሰኔ 40 ዲግሪን በሚያልፈው የካርቱም ሙቀት ግን ዕድሜው በጣም ያጥራል። ከታመመው የሚወጣው አሲድ የጤነኛውንም መበላሸት ስለሚያፋጥን የሚሸቱትን ወደ ሌላ ክፍል አውጧቸው። ከ1950ዎቹ መጀመሪያ በፊት የተሠራ የ35 ሚሊ ሜትር ፊልም ካገኛችሁ በቀላሉ የሚቀጣጠል ናይትሬት ሊሆን ይችላል፤ ከሌላው ለይታችሁ፣ ከእሳትና ከሙቀት አርቃችሁ ባለሙያ ጥሩ።

ካሴቱን በብርሃን ተመልከቱ። በጥቅሉ ጠርዝ ላይ ነጭ ብናኝ ካለ ሻጋታ ነው፤ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍናችሁ ብቻ ያዙት፣ አታጫውቱት።

3. ክፍሉን አዘጋጁ

ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥርና የከሰዓት ፀሐይ ከሚመታው ግድግዳ አጠገብ አታስቀምጡ፤ የቤቱን መካከለኛ ክፍል ምረጡ። የ1988፣ የ2013 እና የ2020 ጎርፍ ካርቱምን እንዴት እንዳደረጋት ነዋሪው ያውቃል፤ የታችኛው መደርደሪያ ከወለሉ ከፍ ይበል። ካሴት ይቁም፣ የፊልም ቆርቆሮ ይተኛ። ሀቡብ የተባለው የአቧራ ማዕበል ሲነሣ አቧራው በበር ሥር ስለሚገባ ሳጥኖቹን በጨርቅ ሸፍኑ።

አንድ ነገር በተለይ ልብ በሉ፦ ካርቱም ውስጥ የተለመደው በውሃ የሚሠራ ማቀዝቀዣ ክፍሉን ሲያበርድ እርጥበት ይጨምራል፤ እርጥበትና አቧራ ሲገናኙ ሻጋታ ይመጣል። ይህ ማቀዝቀዣ ለሰዎች ክፍል ይሁን እንጂ ለካሴቶቹ አይሁን። ርካሽ የእርጥበት መለኪያ ገዝታችሁ በየቀኑ ንባቡን ጻፉ።

4. ተራ ስጡ

ብዙ ሰው ከፊልሙ ይጀምራል፤ መቅደም ያለበት ግን አብዛኛውን ጊዜ ካሴቱ ነው። ፉናይ የተባለው የጃፓን ኩባንያ የመጨረሻዎቹን የቪኤችኤስ ማጫወቻዎች መሥራት ያቆመው በ2016 ነው። ካሴቱ ቢተርፍ እንኳ የሚያነበው መሣሪያ እየጠፋ ነው። መጀመሪያ ሌላ ቅጂ የሌላቸውን፣ ቀጥሎ የመበላሸት ምልክት የጀመሩትን ገልብጡ። በጎረቤት ሱቅ የሚገኝ ፊልም ቅጂ ግን መጨረሻ ይሁን።

5. ገልብጡ

ማጫወቻውን በማይጠቅም ካሴት ፈትኑት፤ ካሴቱን የሚያነበውን ራስ (ሄድ) በአይሶፕሮፒል አልኮል አጽዱ። ካሴቱን እስከ መጨረሻ አስኪዳችሁ መልሱት። ምስሉን በኤስ ቪዲዮ ገመድ፣ ከተገኘም የምስሉን መንቀጥቀጥ በሚያስተካክል ታይም ቤዝ ኮሬክተር በኩል አውጡ። ዋናውን ቅጂ መረጃ በማይጥለው በኤፍ ኤፍ ቪ ዋን አሠራር፣ በኤም ኬ ቪ ፋይል አኑሩ፤ በነፃ የሚገኘው ቪሪከርድ የተባለው ፕሮግራም ይህን ያደርጋል። ለማሳያ የሚሆነውን ትንሽ ኤም ፒ ፎር ከዚያ አውጡ። ሚኒ ዲቪ ቀድሞውኑ ዲጂታል ስለሆነ በፋየር ዋየር ገመድ እንዳለ ይወሰድ፤ አንድ ሰዓቱ 13 ጊጋባይት ያህል ነው።

መብራት ሲቆራረጥ ሥራው እንዳይቋረጥ ኮምፒውተሩም ማጫወቻውም በዩፒኤስ ላይ ይሁኑ። ካሴቱ ሲገለበጥ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ይመልከት፤ ድምፅ የጠፋበትን ደቂቃ ያን ጊዜ ካልጻፋችሁት በኋላ የሚያስታውሰው የለም። ፊልም ግን በአሮጌ ፕሮጀክተር አታሳዩ፤ ጥርሱ የተኮማተረውን ፊልም ይቀደዋል። ስካነር ላለው ተቋም አደራ ስጡ። የኢትዮጵያዊው ዳይሬክተር የኃይሌ ገሪማ ፊልም «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» በ2006 የታደሰው ጣሊያን ቦሎኛ በሚገኝ የፊልም ቤተ ሙከራ ነው፤ የውጭ እርዳታ መጠየቅ ነውር የለውም። ዋናው ግን ባለቤትነቱ የእናንተ መሆኑን በውል መጻፍ ነው።

6. ቅጂውን በትኑ

ሦስት ቅጂ ይኑራችሁ፦ አንዱ በማዕከሉ፣ ሁለተኛው በከተማው ሌላ ቤት፣ ሦስተኛው ከከተማው ውጪ፣ ቢቻል ከአገር ውጪ። ለእያንዳንዱ ፋይል ኤም ዲ 5 የተባለውን የመለያ ቁጥር አውጡና በየስድስት ወሩ ፋይሎቹ እንዳልተለወጡ አረጋግጡ። ዲስክ አምስት ዓመት ሳይሞላው ተኩት። መዝገቡንም ከቅጂዎቹ ጋር ላኩ፤ ስሙ የማይታወቅ ፋይል ለተመራማሪም ለቤተሰብም አይጠቅምም። ከተገለበጠ በኋላ ዋናውን ካሴት አትጣሉ።

7. የሰዎቹን ክብር ጠብቁ

በቪዲዮው የሚታዩት ሰዎች ዛሬ የትኛው ወገን በሚቆጣጠረው ሰፈር እንደሚኖሩ አታውቁም። ፊታቸውን በኢንተርኔት ከማውጣታችሁ በፊት ፈቃድ ጠይቁ። ማግኘት ካልቻላችሁ ቅጂው ይቀመጥ፤ መጠበቅና ማሳየት አንድ ሥራ አይደሉም።

ሥራውን ለመጀመር ሁሉም መሣሪያ እስኪሟላ አትጠብቁ። በዚህ ሳምንት መዝገቡን ጀምሩ፤ የሚሸተውን ለዩ። ገንዘባችሁ ለአንድ ዲስክ ብቻ ከበቃም፣ ሌላ ቅጂ የሌላቸውን ካሴቶች ገልብጣችሁበት፣ ዲስኩን ከከተማው ለሚወጣ ለምታምኑት ሰው ስጡ።