በጋው ለምን ይሞቃል?

አስኮ ላይ ኅዳርና ታኅሣሥ ሲገቡ ማለዳ ጋቢ ሳይደርቡ መውጣት አይሞከርም። «ለጥቅምት አንድ አጥንት» የተባለውም በከንቱ አይደለም። አንዳንድ ዓመት ግን ብርዱ ይቀርና ሰው ሁሉ «በጋው ምን ነካው?» ይላል። ነገ ክፍል ውስጥ ይህንኑ የሚጠይቀን ተማሪ አይጠፋምና መልሱን ከወዲሁ እናሰናዳ።

መጀመሪያ ነገር፣ በጋችን ለምን ይበርዳል? ከምድር ወገብ ብዙ አንርቅም፤ ቀን ቀን ፀሐዩ ያቃጥላል። ብርዱ የሌሊት ነው። ከተማችን ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሯ ስስ ነው። በበጋ ከሰሜን ምሥራቅ የሚመጣው ነፋስ ደረቅ በመሆኑ ሰማዩ ይጠራል፤ መሬትም ቀን የተቀበለችውን ሙቀት ሌሊት ወደ ላይ ስትለቅ የሚይዝላት የለም። ደመና ካለ ግን እንደ ብርድ ልብስ ያስቀረዋል። ስለዚህ ሌሊቱ ሲሞቅ አስቀድመን የምንጠረጥረው ደመናን ነው።

ደመናውስ ከየት መጣ? አንዳንዴ ከሩቅ ባሕር። ኤል ኒኞ የሚባለው የሰላማዊ ውቅያኖስ መሞቅ ነው፤ ስሙን ያወጡለት በገና ሰሞን ባሕሩ የሚሞቅባቸው የፔሩ ዓሣ አጥማጆች ናቸው፣ «ሕፃኑ» ማለታቸው ነው። በ2016 ዓ.ም. ኤል ኒኞና የምዕራብ ሕንድ ውቅያኖስ መሞቅ ተገጣጥመው በጥቅምትና በኅዳር ሶማሌ ክልልን ጎርፍ አጥለቀለቀው። እንዲህ ያለው እርጥበት ወደ ደጋው ሊሻገር ይችላል።

ከዚህ ሌላ አስፋልቱና ኮንክሪቱ ቀን የጠጣውን ሙቀት ሌሊት ይተፋል። ዓለምም እየሞቀች ነው፤ 2024 እ.ኤ.አ. ከ1850–1900ው አማካይ በ1.55 ዲግሪ ያህል በልጦ ተመዝግቧል። ቢሆንም የአንድ ሳምንት ሙቀት አይቶ «የአየር ንብረት ተለወጠ» ማለት ጥድፊያ ነው እንላለን። የአየር ንብረት የሚለካው በሠላሳ ዓመት ነዋ!

«ብርዱ ቢቀር ምን ገደደን?» የሚልም አለ። ፋልሲፓረም የተባለው የወባ ተሐዋሲ ከ18 ዲግሪ በታች በትንኟ ሆድ ውስጥ ማደግ ይሳነዋል፤ ደጋውን የሚጠብቀው ብርዱ ነው። በ1950 ዓ.ም. ክረምትና በ1951 ዓ.ም. መጀመሪያ ዝናቡ፣ ሙቀቱና እርጥበቱ ከወትሮው ሲበዛ ወባ 2,150 ሜትር ድረስ ወጣ። 3 ሚሊዮን ያህል ሰው ታሞ 150,000 ያህል እንደሞተ ተገምቷል። አስኮ ከዚያ ከፍ ትላለች፤ ወደ ቆላ የምንመደብ ግን ብዙ ነን።

ለትምህርት መርጃ አንድ ቴርሞሜትር ይበቃል። ጥላ ሥር፣ ከመሬት አንድ ሜትር ተኩል ከፍ አድርገን እንስቀለው። ተማሪዎቹ ጠዋት በ12 ሰዓት ያንብቡ፤ ከቁጥሩ አጠገብ ሌሊቱ «ጠራ» ወይም «ደመና» ብለው ይጻፉ።