ሳይጠሩት አቤት የሚል ደብዳቤ

ዕጩ መምህራን! «ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት» የሚለውን ተረት የማያውቅ ከመካከላችን አይገኝም። በኮምፒዩተር የደብዳቤ ልውውጥ ውስጥ ስፓም የሚባለውም ከዚህ የተለየ አይደለም። ስፓም ማለት ተቀባዩ ሳይጠይቅ፣ ላኪውም ተቀባዩን ሳያውቅ፣ አንድ ጽሑፍ ተባዝቶ በአንድ ጊዜ ለብዙ ሰው የሚላክ መልእክት ነው። የዚህ ትምህርት ዓላማ የስፓምን አመጣጥና አሠራር ማስረዳት ብቻ አይደለም። እኛ ራሳችን የምንጽፈው ደህና ደብዳቤ በአጻጻፍ ጉድለት ምክንያት ከስፓም ጋር ተቆጥሮ እንዳይጣል ማሳየትም ነው። ሁለቱ ጉዳዮች የተለያዩ ይመስላሉ እንጂ ምንጫቸው አንድ ነው፤ ይኸውም የአንባቢን ጊዜ ማክበር ወይም አለማክበር ነው። (ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

1ኛ/ አመጣጡ

በግንቦት 1978 ጋሪ ተርክ የተባለ የአንድ ኮምፒዩተር አምራች ድርጅት የሽያጭ ሠራተኛ፣ አርፓኔት በተባለው የአሜሪካ መንግሥት መረብ በኩል 400 ለሚሆኑ ሰዎች የሸቀጥ ማስታወቂያ ላከ። መረቡ ለመንግሥት ሥራ ብቻ የተፈቀደ ስለነበረ ኃላፊዎቹ ተቆጡ። ከዚህ ሌላ አንድ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር ነበር። የተቀባዮቹ ዝርዝር ለአድራሻ ከተመደበው ቦታ በላይ ስለሆነ፣ የተረፉት አድራሻዎች ወደ ደብዳቤው ሆድ ዕቃ ገቡ። አንባቢው ዋናውን ጉዳይ ከማግኘቱ በፊት የሰው አድራሻ ሲያነብ ኖረ ማለት ነው። እንግዲህ ስፓምና የተበላሸ አጻጻፍ ከመጀመሪያው ቀን አብረው ተወለዱ ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ሁለተኛው ታሪክ ወደ እኛ ይቀርባል። በሚያዝያ 1994 ሎረንስ ካንተርና ማርታ ሲገል የተባሉ የአሪዞና ባልና ሚስት የሕግ ባለሙያዎች በብዙ ሺህ የኮምፒዩተር የውይይት መድረኮች ላይ አንድ ማስታወቂያ በተኑ። ጉዳዩ ምን ነበር? በአገራችን ዲቪ እየተባለ የሚጠራው የአሜሪካ የመኖሪያ ፈቃድ ዕጣ ነበር! ሰው በራሱ እጅ ሊያመለክት የሚችለውን ነገር በክፍያ እንሥራላችሁ አሉ። ከዚያ ወዲህ «የዲቪ ዕጣ ደርሶዎታል፣ ገንዘብ ይላኩ» የሚሉ የሐሰት ደብዳቤዎች የስንቱን ቤት እንዳንኳኩ የምናውቀው ነው። የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ግን ለዕጣው መመረጥን በኢሜይል እንደማያስታውቅ፣ አመልካቹ ራሱ በማረጋገጫ ቁጥሩ ውጤቱን ማየት እንዳለበት ሲያስጠነቅቅ ቆይቷል።

ታዲያ ስፓም ለምን አይጠፋም? ምክንያቱ የወጪ ጉዳይ ነው። በፖስታ ቤት ደብዳቤ የሚልክ ሰው ለእያንዳንዱ ቴምብር ይገዛል። በኢሜይል ግን ከአንደኛው ደብዳቤ በኋላ አሥር ሺህኛው ምንም ያህል አያስከፍልም። ስለዚህ ከብዙ ሺህ ሰው አንድ ቢታለልለት ላኪው አተረፈ፤ የቀሩት ሁሉ ጊዜያቸውን ከፈሉ።

2ኛ/ ወንፊቱ እንዴት ይሠራል?

የኢሜይል አገልግሎቶች ደብዳቤዎችን የሚያጣሩበት መሣሪያ አላቸው፤ ወንፊት እንበለው። በ2002 ፖል ግራሃም የተባለ የኮምፒዩተር ባለሙያ ባቀረበው ጽሑፍ በሰፊው የታወቀው ዘዴ በሒሳብ ላይ የቆመ ነው። ሒሳቡም የ18ኛው መቶ ዓመት እንግሊዛዊ ቶማስ ቤይዝ የጀመረው የዕድል ስሌት ነው።

ለምሳሌ ያህል 100 ስፓምና 100 ደህና ደብዳቤ እንውሰድ። «ዕድለኛ» የሚለው ቃል በ80ው ስፓምና በ2ቱ ደህና ደብዳቤዎች ውስጥ ተገኘ እንበል። ይህ ቃል ያለበት አዲስ ደብዳቤ ቢመጣ ስፓም የመሆን ዕድሉ 80ን ለ82 አካፍሎ ወደ 98 በመቶ ይሆናል። ወንፊቱ ይህንኑ በብዙ ቃላት ላይ ያሰላና ድምሩን ያያል። በተጨማሪ የላኪውን አድራሻ እውነተኛነትና የተቀባዮቹን ብዛት ይመረምራል።

ልብ በሉ! ወንፊቱ የሚያየው መልክን እንጂ ልብን አይደለም። ርዕስ የሌለው፣ በቃለ አጋኖ የተሞላ፣ አንድ ሥዕል ብቻ የያዘ ደብዳቤ ላኪው ቅን ሰው ቢሆንም እንኳ ሊጣል ይችላል። የሥራ ማመልከቻችሁ በዚህ መንገድ ቢጣል ማን ይነግራችኋል? ማንም አይነግራችሁም። መልስ ጠብቃችሁ ትቀራላችሁ።

3ኛ/ የአጻጻፍ ሥርዓት

ሀ. ርዕስ ይኑር። «ሰላም» ወይም «አስቸኳይ!!!» ርዕስ አይደለም። «የ8ኛ ክፍል የፈተና ፕሮግራም ለውጥ» ግን ርዕስ ነው።

ለ. ለብዙ ሰው ሲላክ አድራሻዎቹ በስውር ግልባጭ ይግቡ። ያለዚያ የሁሉንም አድራሻ ለሁሉም አደላችሁ ማለት ነው። ስፓም ላኪ የሚፈልገውም እኮ ይህንኑ ነው።

ሐ. ስትመልሱ የምትመልሱበትን ዐረፍተ ነገር ብቻ አስቀሩ፤ የቀረውን አሮጌ ጽሑፍ ቁረጡ። ለአንድ ሰው የሚበቃውንም መልስ ለሁሉም አትላኩ።

መ. ጽሑፉ ጽሑፍ ይሁን። ማስታወቂያን ፎቶ አንስቶ መላክ ኔትወርክ ደካማ በሆነበት ቦታ አንባቢን መቅጣት ነው። በኢሜይል የሚያያዝ ፋይል ለጉዞ ሲዘጋጅ በሢሶ ያህል ያድጋል፤ 6 ሜጋባይት የነበረው ፎቶ 8 ይሆናል።

ሠ. አማርኛው በዩኒኮድ ይጻፍ። የጥንቱ ኢሜይል የሚያውቀው 128 ምልክቶችን ብቻ ነበር። የእኛ 33 ፊደላት ግን በ7 ሲባዙ ዲቃሎቹ ሳይቆጠሩ 231 ይሆናሉ፤ በየት በኩል ይገቡለታል? በ1992 ማይም የተባለው ደንብ ከእንግሊዝኛ ውጪ ላሉ ፊደላት መንገድ ከፈተ። በ1999 ደግሞ የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ ውስጥ ገባ። ከዚያ ውጭ በሆነ የድሮ ፊደል የተጻፈ አማርኛ በሌላው ኮምፒዩተር ላይ ትርጉም የሌለው ምልክት ሆኖ ይወጣል።

4ኛ/ ስፓም ሲደርሰን

አለመመለስ የመጀመሪያው ጥበብ ነው። «ተወኝ» ብሎ መመለስም ቢሆን አድራሻው ሰው እንዳለበት ማረጋገጥ ይሆናል። በውስጡ ያለውን ማያያዣ አለመንካት፣ የይለፍ ቃል አለመስጠት፣ ደብዳቤውን «ስፓም» ብሎ ማመልከት ይገባል፤ ወንፊቱ የሚማረው ከዚህ ነውና። በሳምንት አንድ ጊዜም የስፓሙን ሣጥን ከፍቶ ደህና ደብዳቤ ተሳስቶ ገብቶ እንደሆነ ማየት ያስፈልጋል።

ነገ በየትምህርት ቤቱ ስትመደቡ ተማሪውም ወላጁም «ይህ ደብዳቤ እውነት ነው?» ብሎ የሚጠይቀው መምህሩን ነው። መልሱን ዛሬ ካልያዝን ያን ጊዜ ከየት እናመጣዋለን?

የመለማመጃ ጥያቄዎች

1. «ስብሰባ» የሚለው ቃል ከ100 ስፓም በ5ቱ፣ ከ100 ደህና ደብዳቤ በ45ቱ ውስጥ ቢገኝ፣ ቃሉ ያለበት ደብዳቤ ስፓም የመሆን ዕድሉ ስንት በመቶ ነው?
2. 9 ሜጋባይት የሆነ ፎቶ በኢሜይል ሲላክ ስንት ያህል ይሆናል?
3. ለወላጆች ስብሰባ ጥሪ የሚሆን ርዕስና ከአምስት መስመር ያልበለጠ ደብዳቤ ጻፉ። ከጎናችሁ ላለው ጓደኛ አስነብቡና ጉዳዩን በአንድ ንባብ መረዳቱን ጠይቁት።