ምዕራፍ አምስት፦ ቁራሽ እንጀራ ያቆመው ጉባኤ ቤት

አገር በተናወጠ ቁጥር ከብዙ ሰው አፍ የሚሰማው ጥያቄ አንድ ነው፦ «እኔ ብቻዬን ምን ላመጣ?» ጥያቄው ሁልጊዜ ከስንፍና አይመጣም። ጦርነት፣ መፈናቀልና የኑሮ ውድነት ሲደራረቡ፣ አንድ ሰው ከጓዳው የሚያወጣው ነገር ከችግሩ ስፋት ጋር ሲተያይ እውነትም ከቁጥር አይገባም። ሆኖም ይህ ሒሳብ አንድ ነገር ይዘላል፦ ትንሽ ስጦታ ለምን ያህል ዘመን፣ በስንት ደጅ እንደሚደጋገም። ለዚህ ማስረጃ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ጎንደር ይበቃል።

አፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም ገደማ ሲቆረቁሯት ጎንደር የዙፋን ከተማ ነበረች። ነገሥታቱ አብያተ ክርስቲያናት ተከሉ፣ ርስትና ጉልት ሰጡ፣ ሊቃውንት በዙሪያቸው ሰበሰቡ። ከ1761 ዓ.ም በኋላ በመጣው ዘመነ መሳፍንት ግን የዙፋኑ ስሙ ብቻ ቀረ። በ1859 ዓ.ም የአፄ ቴዎድሮስ ሠራዊት ከተማዋን ዘርፎ አቃጠላት፤ በ1880 ዓ.ም የሱዳን ደርቡሾች ደገሟት፤ አብዛኞቹ አብያተ ክርስቲያናትም ነደዱ። የሚገርመው የቤተ ክርስቲያን ትምህርቱ አለመጥፋቱ ነው። ከመምህር ኤስድሮስ ስም ጋር የሚነሣው የታች ቤት የመጻሕፍት ትርጓሜ ከትውልድ ወደ ትውልድ ተላለፈ፤ የአቋቋም፣ ማለትም የዝማሬ ሥርዓት፣ ምስክር ቤቱ በአታ ለማርያምም ዛሬ ድረስ ተማሪ ይቀበላል። መምህሩና ካህኑ ከደብሩ መሬት ድርሻ ነበራቸው እንበል። ከየአገሩ እየተሰደደ የመጣውን ተማሪ ግን ግምጃ ቤቱ በተራቆተበት ዘመን ማን አበላው?

ያበላው የመንደሩ ደጅ ነው። የቆሎ ተማሪ ትምህርት ፍለጋ ከወላጆቹ መንደር ይርቃል፤ ደበሎ ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ፣ ለውሻው በትር ይዞ በየቤቱ «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላል። የቤቱ እመቤት ከመሶብ ቁራሽ፣ ከምጣድ ቆሎ ትሰጠዋለች። እሱም ከጓደኞቹ ጋር ተካፍሎ ይበላና የተረፈውን አድርቆ ያስቀምጣል። የአንዲት እመቤት ቁራሽ አንድን ልጅ እንኳ ለአንድ ቀን አያጠግብም፤ ብርታቱ ግን ከዚሁ ከትንሽነቱ ነው። ድሃውም ቤት ሊሰጠው የሚችል ስለሆነ፣ አዝመራው በከፋበት ዓመትም ከነጭራሹ አይቋረጥም። አንድ ንጉሥ ቢወድቅ ጉልቱ አብሮ ሊወድቅ ይችላል፤ አንድ ደጅ ቢዘጋ ግን ተማሪው ወደሚቀጥለው ይሄዳል። ሳይጠቀስ መታለፍ የሌለበት ነገርም አለ፦ ጉባኤ ቤቶቹን በመሶባቸው ያቆሙት በአብዛኛው ሴቶች ሆነው ሳለ፣ እንደ ጎጃሟ የቅኔ መምህርት እማሆይ ገላነሽ ካሉ ጥቂቶች በቀር ራሳቸው ከጉባኤው አልተቀመጡም። ይህ ዕዳ እስካሁን አልተከፈለም።

«የድሮ ሰው ልቡ የተለየ ነበር» የሚል አንባቢ ይኖራል። አይመስለኝም። እ.ኤ.አ. በ1973 ጆን ዳርሊና ዳንኤል ባትሰን የተባሉ ተመራማሪዎች በአሜሪካ ፕሪንስተን የሥነ መለኮት ተማሪዎች ላይ ያደረጉትን ጥናት አሳተሙ። ተማሪዎቹ ንግግር ለማድረግ ከአንድ ሕንፃ ወደ ሌላው ሲላኩ፣ በመንገዳቸው ላይ አንድ ሰው ተጎሳቁሎ ሲያስልና ሲያቃስት ያገኙታል። ጊዜ እንዳላቸው ከተነገራቸው 63 በመቶው ቆመው ረዱት፤ መጠነኛ ጥድፊያ ከነበረባቸው 45 በመቶው፤ «ዘግይታችኋል፣ ፍጠኑ» ከተባሉት ግን 10 በመቶው ብቻ። ስለ ደጉ ሳምራዊ ሊናገር በሚሄደውና ሌላ ርእስ በተሰጠው መካከል ደግሞ ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልታየም። ሰዎቹ ክፉ ስለሆኑ አልነበረም፤ በጥድፊያ ውስጥ ሆነው «ልቁም ወይስ ልለፍ?» ብለው መወሰን ስለነበረባቸው ነው። የጎንደሯ እመቤት ይህን ውሳኔ በየቀኑ አትወስንም። ተማሪው በታወቀ ቃል፣ በገዛ ደጇ ይመጣል፤ ባዶውን መመለስም ነውር ነው። ደግነቱ ከስሜቷ ላይ ሳይሆን ከልማዱ ላይ ስለቆመ፣ የተከፋችበት ቀንም ቢሆን እጇ ወደ መሶቡ ይሄዳል። በዚህ ምዕራፍ የምከራከርለት ነገር ይኸው ነው፦ ትንሽ በጎ ሥራ ለውጥ የሚያመጣው ልብ ሲነካ ብቻ የሚደረግ መሆኑ ቀርቶ፣ ቀንና ደጅ ያለው ልማድ ሲሆን ነው።

ሁለት ተቃውሞዎች ይነሣሉ፤ ሁለቱም በቀላሉ አይታለፉም። የመጀመሪያው «ይህ ልመናን ማስለመድ ነው» የሚል ነው። መድረሻ የሌለው ምጽዋት ሰውን ባለበት ሊያስቀር እንደሚችል አልክድም። የቆሎ ተማሪ ቁራሽ ግን መድረሻ ነበረው። ልጁ የሚለምነው እስኪማር ነው፤ ሲጨርስ ካህን፣ ደብተራ ወይም መምህር ሆኖ ሌላ ቦታ የሌላ ሰው ልጅ ያስተምራል። ቁራሽ ለሰጠችው ሴትዮ አይመልስላትም፤ የምትጠብቀውም አይደለም። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት «ልስጥ ወይስ አልስጥ» የሚለው ብቻ አይደለም፤ የሚሰጠው ነገር ተቀባዩን ወዴት ያደርሰዋል የሚለውም ነው። ለተፈናቃይ ልጅ ደብተር መግዛት፣ ጎረቤት ሥራ ፈልጋ ስትወጣ ሕፃኗን መያዝ፣ ማመልከቻ መጻፍ ለማይችል መጻፍ መድረሻ ያላቸው ቁራሾች ናቸው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይከብዳል፦ «ችግሩ ፍትሕና ሰላም ማጣት ሆኖ ሳለ፣ ስለ ቁራሽ ማውራት ሰውን ማዘናጋት ነው።» በ2013 ዓ.ም ክረምት በትግራይ የተጀመረው ጦርነት ወደ ሰሜን ጎንደር ሲዘልቅ፣ ከአዲአርቃይና ከዛሪማ አካባቢ የሸሸው ሕዝብ ወደ ደባርቅ ጎረፈ፤ ነዋሪውም ያለውን አካፈለ። በዚያው ነሐሴ መጨረሻ ላይ ግን በዳባት ወረዳ ጭና ሰላማዊ ሰዎች ተገደሉ። ቁራሽ እንጀራ ጥይት አይመልስም። ከትግራይ ካምፖች ወጥተው ዳባት አጠገብ አለምዋጭ የሰፈሩት የኤርትራ ስደተኞችም ጥበቃ፣ ሐኪምና ትምህርት ቤት ከጎረቤት መሶብ ሊያገኙ አይችሉም፤ የመንግሥትና የድርጅቶች ግዴታ ነው። በ1880 ዓ.ም የጀመረው ክፉ ቀን ከብቱን ፈጅቶ አገሩን ሁሉ ባስራበ ጊዜም፣ ሁሉም ደጅ በአንድነት ባዶ ሲሆን ልማዱ የት ድረስ እንደሚሄድ ታይቷል። ይህን ሁሉ ተቀብዬም ተቃውሞው ያላየው ነገር አለ እላለሁ። ፍትሕ የሚጠየቀው በሕይወት ባለ፣ ጎረቤቱን በሚያምን ሰው ነው። ደባርቅ ላይ እንግዳ ያሳደረ ቤተሰብ ጦርነቱን አላስቆመም፤ ሰዎቹ ግን ሌሊቱን ሜዳ ላይ አላደሩም። ይህ ለእነሱ ትንሽ ነገር አልነበረም። መብት ከመጠየቅም ማንንም አላገደም።

ታዲያ ብዙዎቻችንን የሚያግደን ምንድን ነው? አንዱ ምክንያት የምንሰጠውን ማቃለላችን ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 አሚት ኩማርና ኒኮላስ ኤፕሊ ባሳተሙት ጥናት፣ በቺካጎ በብርድ ወቅት ለማያውቁት ሰው ትኩስ ቸኮላታ የሰጡ ሰዎች ተቀባዩ ምን ያህል እንደሚደሰት አሳንሰው ገምተው ተገኙ። ሰጪ የሚመዝነው የዕቃውን ዋጋ ነው፤ ተቀባይ ግን «ሰው አስታወሰኝ» የሚለውንም ይጨምርበታል። እንግዲህ ለመጀመር የሚሻ ሰው ብዙ አያቅድ። አንድ ሥራ፣ አንድ ቀን፣ አንድ ደጅ ይምረጥ፦ ቅዳሜ ከገበያ ሲመለስ የሚያንኳኳው የአንዲት አሮጊት በር ይበቃል። አብሮት የሚተካው አንድ ጎረቤት ከወዲሁ ይፈልግ፤ የታመመ ቀን፣ ወይም መንገዱ የተዘጋ ቀን፣ ደጁ እንዳይታጣ። ስለ ተቀባዩ ክብርም ይጠንቀቅ። የቆሎ ተማሪ በራሱ ስም አይለምንም፤ በእመቤታችን ስም ስለሚለምን አንገቱን አይደፋም። ከቤቱ የተፈናቀለ አባወራ ግን እንዲህ ያለ መሸሸጊያ ቃል የለውም። ለእሱ ዱቄቱ ሲመሽ፣ ጎረቤት ሳያይ፣ በልጅ እጅ ቢላክለት ይሻላል።