ልጃችሁ 15 ዓመት ሞልቷት ሐይድ ካላየች



«እህቴ፣ ለልጄ አበባዋን የሚያመጣ ክኒን ስጪኝ» የሚሉ እናቶች ወደ መድኃኒት ቤት ይመጣሉ። ክኒኑ ግን ምክንያቱን ይሸፍናል እንጂ አያድንም። ስለዚህ መጀመሪያ ምክንያቱ ይፈለግ።

መቼ እንመርምር? ልጅቷ 15 ዓመት ሞልቷት ሐይድ ካላየች፣ ወይም 13 ዓመት ሞልቷት ጡቷ ማጎጥጎጥ ካልጀመረ ነው። እናቷና እህቶቿ ዘግይተው ያዩ ከሆነ ለሐኪሙ ይነገር። ያገባች ከሆነች አስቀድሞ የእርግዝና ምርመራ ይደረግ፤ የመጀመሪያው ሐይድ ሳይታይም ሊረገዝ ይችላልና።

1ኛ. ጡቷ ካላጎጠጎጠ፦ ሆርሞን አልመነጨም ማለት ነው። ድርቅ በሚደጋገምበት ላይ ጋይንትና ስማዳ የምግብ እጥረት አንዱ ምክንያት ሊሆን ይችላል። እንደ ቲቢ ያለ የቆየ በሽታም ያዘገያል። ክብደቷና ቁመቷ ይለካ። በጣም አጭር ከሆነች ተርነር የሚባለው የተፈጥሮ ችግር ይታሰባል።

2ኛ. ጡቷ አጎጥጉጦ በየወሩ ሆዷን የሚያማት ከሆነ፦ ደሙ አለ፣ መውጫው ግን ተዘግቷል። የድንግልናው ስስ ሥጋ ቀዳዳ ሳይኖረው ሲፈጠር ወይም የግርዛት ጠባሳ ሲዘጋው ይህ ይሆናል። ሐኪም በትንሽ ቀዶ ሕክምና ይከፍተዋል። ይህ ክብርን ማጣት አይደለም፤ የሐኪሙን ወረቀት አስቀምጡ። ቢዘገይ ግን ማህፀንን ይጎዳል።

3ኛ. ጡቷ አጎጥጉጦ ሕመም ከሌለ፦ ማህፀን ሳይኖር ተፈጥራ ሊሆን ይችላል። ይህ ከ5,000 ሴቶች በአንዷ ገደማ ይደርሳል። ከሆድ ላይ የሚደረግ አልትራሳውንድ ያሳየዋል። ከኒካሕ በፊት መታወቁ ለሁለቱም ወገን ፍትሕ ነው።

ከነፋስ መውጫ፣ ከወገዳ ወይም ከመካነ ኢየሱስ ጤና ተቋም ጀምሩ። ካስፈለገ ወደ ደብረ ታቦር ወይም ወደ ባሕር ዳሩ ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል ትላካለች። ሴት ሐኪም ጠይቁ፤ ካልተገኘች እናት አጠገቧ ሆና ወንድ ሐኪም ቢያያት በችግር ጊዜ የተፈቀደ ነው። ለልጃገረድ አብዛኛውን ጊዜ ከውጭ ማየት ይበቃል።

አንድ ነገር አንርሳ። በብዙዎቹ ዑለማዎች ዘንድ ሐይድ ባታይም በጨረቃ አቆጣጠር 15 ዓመት የሞላት ልጅ ባሊግ ናት፤ ሶላትና ጾም ግዴታዋ ነው። ይህም በፀሐይ አቆጣጠር 14 ዓመት ተኩል ገደማ ነው። 

እናቶች ሆይ! ልጃችሁን «ምን ሆነሽ ነው?» ብላችሁ አታሸማቅቋት፤ ይዛችኋት ሂዱ። መታከም ሱና ነው። አላህ ልጆቻችንን ይጠብቅልን። አሚን!