ከዩኒቨርሲቲው ስም በፊት የመምህሩን ስም

ልጄ፣

ከሐረማያ ማስተርስሽን ይዘሽ በዲቪ መጥተሽ፣ ቀን አረጋውያን እየተንከባከብሽ ማታ ማታ ዶክትሬት እንደምታስቢ ስትነግሪኝ ልቤ ሞላ። በኦሊምፒክና በፒኮ መካከል ባለችው በዚህች የፌርፋክስ መንገድ ላይ፣ ከተማው እ.ኤ.አ. በ2002 «ትንሿ ኢትዮጵያ» ብሎ ከመሰየሙ በፊትም ሆነ በኋላ፣ ዲግሪያቸው ሻንጣ ውስጥ ተኝቶ የቀረባቸው ብዙ ልጆች አውቃለሁ። ሰነፎች አልነበሩም። መንገዱን የሚያሳያቸው ሰው አጡ። አንቺን እንዲህ እንዳያጋጥምሽ የማውቀውን ልጻፍልሽ።

1. መጀመሪያ ሰው ፈልጊ። እዚህ ያለ ልጅ ሁሉ ሲያማክረኝ «ዩሲኤልኤ ይቀበለኛል ወይ?» ብሎ ይጀምራል። ቅርብ ነው፣ ስሙም ትልቅ ነው። አንቺ ግን ያጠናሽው የሽምብራ ዝርያዎች ድርቅን እንዴት እንደሚቋቋሙ ነው፤ ዩሲኤልኤ ደግሞ የግብርና ኮሌጅ የለውም። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሥር ላንቺ ሙያ የሚሆኑት ዴቪስና ሪቨርሳይድ ናቸው። ሙያሽ የግዕዝ ወይም የጉራጌኛ ጥናት ቢሆን፣ ዘመኑም ፕሮፌሰር ቮልፍ ሌስላው የሚያስተምሩበት ቢሆን ኖሮ፣ ከዩሲኤልኤ ሌላ አትመልከቺ እልሽ ነበር። ፊልም ቢሆን ደግሞ ዶክትሬታቸውን እዚያው ሠርተው እዚያው ሲያስተምሩ እ.ኤ.አ. በ2010 ያረፉት ፕሮፌሰር ተሾመ ገብርኤል ነበሩ። አንድን ዩኒቨርሲቲ ለአንድ ተማሪ ትክክለኛ የሚያደርገው እዚያ ያለው መምህር ነው።

2. የፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታን ታሪክ በደንብ አጥኚው። ከአለማያ ኮሌጅ፣ ከዛሬው ያንቺ ሐረማያ፣ እ.ኤ.አ. በ1973 ተመረቁ። ጆን አክስቴል የሚባል የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ የማሽላ ተመራማሪ በዚያው ዓመት ኢትዮጵያ መጥቶ ነበርና ከየአካባቢው የማሽላ ናሙና ሲሰበስብ ገቢሳ ረዱት። አሠራራቸውን አይቶ ተማሪው እንዲሆኑ ጋበዛቸው፤ በ1974 ፐርዱ ገብተው በ1978 ዶክትሬታቸውን ያዙ። ከዚያ በሱዳን ያዳቀሉት ድርቅ የሚቋቋም ማሽላ በ1983 ለገበሬ ተለቀቀ፤ በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀበሉ። ልብ በይ፤ አክስቴል ወጣቱን ያወቀው በሥራ ነው፣ ማሳ ላይ። አንቺ ጋ የሚመጣ አክስቴል ላይኖር ይችላል፤ ስለዚህ ማሳ ላይ የሠራሽውን ለመምህሩ የምትጽፊው ደብዳቤ ይዞለት መሄድ አለበት።

3. አማካሪ የሚሆንሽን ሰው ከራስሽ የማስተርስ ጽሑፍ ጀምረሽ ፈልጊው። መጨረሻ ላይ ከዘረዘርሻቸው ጥናቶች ውስጥ ደጋግመሽ የጠቀስሻቸው እነማን ናቸው? ዛሬ የት ናቸው? ባለፉት ሦስት ዓመታት ምን አሳተሙ? ጡረታ የወጣ ወይም ፊቱን ወደ ሌላ ጥናት ያዞረ ሰው ስሙ የቱንም ያህል ቢገን አይጠቅምሽም። ቀጥሎ ተማሪዎቹ የጻፏቸውን የዶክትሬት ጽሑፎች አንብቢ፤ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲዎቹን ኢስኮላርሺፕ በሚባለው የዩኒቨርሲቲው መዝገብ በነፃ ታገኛቸዋለሽ። የምስጋናውን ገጽ አትዝለይ። ተማሪ አማካሪውን ከልቡ ሲያመሰግንና ለወጉ ያህል ሲያመሰግን ይለያል። ረቂቄን በሳምንት ውስጥ ይመልስልኝ ነበር፣ ስታመም ቤቴ መጥቶ ጠይቆኛል የሚል ምስጋና ካገኘሽ፣ የዚያን መምህር ስም መዝግቢ።

4. ለመረጥሽው መምህር ኢሜይሉን በመስከረም ወይም በጥቅምት ላኪ፤ መቶ ሃምሳ ቃል ይበቃል። የትኛውን ጥናቱን እንዳነበብሽና ምን ጥያቄ እንደጫረብሽ፣ አንቺ በእጅሽ ምን እንደሠራሽ፣ በሚመጣው ዓመት አዲስ ተማሪ ይቀበል እንደሆነ። ሲቪሽን አያይዢ፣ በቃ። በአስተዳደጋችን ራስን ማሞገስ ነውር ነው፤ ያደግሽበትን ትሕትና እወደዋለሁ። ግን «በጥናቱ ተሳትፌአለሁ» ብለሽ ስትጽፊ አንባቢው ምንም አያውቅልሽም። ስንት ዝርያ ዘራሽ፣ በስንት ቦታ፣ ስንት ወቅት፣ መረጃውን በምን ተነተንሽ? እሱን ጻፊ፤ ይህ ጉራ አይደለም። አንዱን ደብዳቤ ለሃያ ሰው አትበትኚ፤ ያስታውቃል። በሁለት ሳምንት ካልመለሰ አንዴ አስታውሺው፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው እለፊ። ዝም ያለሽ ሰው ንቆሽ ላይሆን ይችላል፤ ገንዘብ የሌለውም፣ ደብዳቤ የበዛበትም አለ። ደግሞ በአንዳንድ ትምህርት ክፍሎች፣ በተለይ በባዮሎጂ ዘርፎች፣ ተማሪ የሚመርጠው ኮሚቴ ነው፤ አማካሪ የሚያዘው በመጀመሪያው ዓመት በተለያዩ ላቦራቶሪዎች ከተዞረ በኋላ ነው። የአንቺው እንዴት እንደሆነ አስቀድመሽ ጠይቂ።

5. ሪኮመንዴሽን። ብዙ ጊዜ ሦስት ይፈለጋል። አገር ቤት ያሉ አስተማሪዎችሽ «ራስሽ ጽፈሽ አምጪ፣ እፈርምልሻለሁ» ይሉሽ ይሆናል። ክፋት የለበትም፤ ሥራ በዝቶባቸው ነው። አንቺ ግን እሺ አትበይ። ሐቀኛ አይደለም፤ ስለ ራስሽ ራስሽ መጻፍሽ ደብዳቤውንም ባዶ ያደርገዋል። በአክብሮት «መምህር፣ እርስዎ ያዩትን ቢጽፉልኝ ይሻለኛል» ብለሽ፣ የሠራሽውን በአንድ ገጽ ዘርዝረሽ ላኪላቸው። ሁለት ወር ቀደም ብለሽ ጠይቂ፤ የሚልኩትም በዩኒቨርሲቲያቸው ኢሜይል ይሁን።

6. ትራንስክሪፕትሽን ዛሬውኑ ጀምሪ። የወጪ መጋራት ዕዳሽ ካልተከፈለ ሬጅስትራር ኦፊሴላዊውን አይልክም። እኅትሽ እንድታስጨርስልሽ በቆንስላችን በኩል ውክልና ስጫት። የስምሽ አጻጻፍ በትራንስክሪፕቱና በፓስፖርትሽ ላይ አንድ መሆኑንም አረጋግጪ።

7. ስለ ገንዘብ። በእንዲህ ያለ ሙያ ጥሩ የዶክትሬት ቦታ የትምህርቱን ክፍያ ይሸፍናል፣ በረዳት አስተማሪነት ወይም በረዳት ተመራማሪነት መተዳደሪያም ይሰጣል። ይህ የሌለበትን ቅበላ አትቀበይ፣ ብድርም አትግቢበት። ግሪን ካርድ ስላለሽ የተማሪ ቪዛ ጣጣ የለብሽም፤ በካሊፎርኒያ ነዋሪነት ከተመዘገብሽ ደግሞ የውጭ ተማሪዎች ላይ የሚጨመረው ክፍያ ይቀርልሻል። ቢሆንም ገቢሽ አሁን ከምታገኚው ላይበልጥ ይችላል፣ ያውም ለአምስት ወይም ለስድስት ዓመት። ለእናትሽ የምትልኪው ይቀንሳል። ከመግባትሽ በፊት ራስሽ ደውለሽ ንገሪያት፤ ከሌላ ሰው አትስማ።

8. ብዙዎቹ ፕሮግራሞች ማመልከቻ የሚዘጉት ከዲሴምበር 1 እስከ 15፣ በእኛ ከኅዳር 22 እስከ ታኅሣሥ 6 ባለው ጊዜ ነው። መምህሩ በዙም ሲያነጋግርሽ አንቺም ጠይቂው፤ ተማሪዎችህ በስንት ዓመት ይጨርሳሉ፣ ከዚያስ የት ሄዱ፣ የክረምቱን ደሞዝ ማን ይከፍላል? ከዚያ ተማሪዎቹን እሱ በሌለበት አናግሪ። አስቸጋሪ አማካሪ ያለበት ትልቅ ስም ከሚያቃጥልሽ፣ ሰው የሚያከብር አማካሪ ያለበት ስሙን እዚህ ማንም የማያውቀው ዩኒቨርሲቲ ይሻልሻል፤ በዚህ አልደራደርም። ቶሎ ወስኚ ብለው ቢያጣድፉሽ አትደንግጪ፤ አብዛኞቹ ዩኒቨርሲቲዎች በገንዘብ ለተደገፈ ቅበላ እስከ ኤፕሪል 15፣ ማለትም እስከ ሚያዝያ 7፣ ጊዜ ለመስጠት የተስማሙ ናቸው።

ጳጉሜን ከመግባቱ በፊት የሦስት መምህራንን ስም፣ ከእያንዳንዳቸው ካነበብሽው አንድ አንድ ጥናት ጋር ጽፈሽ አምጪልኝ። የመጀመሪያውን ኢሜይል አብረን እናርመዋለን።