ሞያሌ፣ ግን በየትኛው ወገን?

ጥያቄ፦ በኮቪድ ጊዜ ነጌሌ ቦረና ገበያ ላይ ገሚሱ «አገር ተዘግቷል» ሲል፣ ገሚሱ «የፈረንጅ ወሬ ነው» ይል ነበር። እውነቱ የማን ነበር?

መልስ፦ የሁለቱም አልነበረም። መጋቢት 30 ቀን 2012 ዓ.ም. የታወጀው አስቸኳይ ጊዜ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብን ከለከለ፤ የተሳፋሪንም ቁጥር በግማሽ ቀነሰ። «ከቤት አትውጡ» ግን አላለም።

ወሬው እንዴት እንደሚዛባ ለማየት፣ የኢትዮጵያና የኬንያ ድንበር ለሁለት የከፈላትን ሞያሌን እንውሰድ። ከድንበሩ ወዲያ ኬንያ ከምሽቱ 1 እስከ ንጋቱ 11 ሰዓት ሰዓት እላፊ ጥላ ነበር። «ሞያሌ ሰዓት እላፊ ላይ ናት» የሚል ዜና ለማዶው እውነት ነው፤ ለወዲህኛው ውሸት። ወሬው በስልክ ነጌሌ ሲደርስ «ኬንያ» የምትለው ቃል መንገድ ላይ ወድቃለች።

የኛም መገናኛ ብዙኃን ከደሙ ንጹሕ አልነበሩም። መጋቢት 18 ገና በሙከራ ላይ ስላለ ባህላዊ መድኃኒት መግለጫ ሲሰጥ፣ አንዳንዱ «መድኃኒት ተገኘ» ብሎ አራገበው። ማስተባበያው በዚያው ፍጥነት አልተሰራጨም።