ሕፃንን ይዞ ወደ በዓል ስለ መጓዝ

በዓል በቀረበ ጊዜ ገና ዶሮ ሲጮኽ ወደ አውቶቡስ መናኸሪያ የወረደ ሰው፣ ሕፃኗን ያዘለች እናት፣ ስንቅና ጓዝ የተሸከመ አባት፣ ከዘራውን የያዘ አያት በአንድነት ቆመው ሳያይ አይመለስም። ከእነዚህ መንገደኞች መካከል ስለ ጉዞው ፈቃዱን ያልተጠየቀ አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም በጀርባ ላይ ያለው ሕፃን ነው። መሄድን ገና የለመደ፣ መናገርን ያልጨረሰ፣ ሲደክመውም ሆነ ሲጠማው ከልቅሶ በቀር ሌላ ቃል የሌለው ይህ መንገደኛ በበዓላችንና በመንገዳችን ምን ስፍራ እንዳለው በዚህ ጽሑፍ ጥቂት ልንናገር አሰብን።

አስቀድሞ ግን፣ ሕፃናት ከበዓል ይቅሩ የምንል እንዳይመስል የቤተ ክርስቲያንን ሥርዓት እናስታውስ። ወንዱ በ40 ቀን፣ ሴቷ በ80 ቀን ተጠምቀው ሥጋውንና ደሙን ይቀበላሉ፤ ዕውቀታቸው እስኪጸና ቈዩ አልተባሉም። ሙሴም ለእግዚአብሔር በዓል ለማድረግ እነማን እንደሚሄዱ ፈርዖን በጠየቀው ጊዜ፣ ሽማግሌውንም ሕፃኑንም ሳይለይ ሁሉም እንዲሄዱ ተናግሯል፤ ወንዶቹ ብቻ ይሂዱ ብሎ የከለከለው ፈርዖን ነው (ዘፀ. 10፥8-11)። ስለዚህ ነገራችን ሕፃኑ ይሂድ ወይስ ይቅር የሚል ሳይሆን፣ የሄደ እንደ ሆነ በማን እርምጃ ይሄዳል የሚል ነው።

ይህን ጥያቄ ያነሣብን በ2006 ዓ.ም. በራሳችን ቤት የሆነው ነገር ነው። ብዙ ዘመን ያለ ልጅ ከቈየን በኋላ አንድ ወንድ ልጅ ተሰጠን። እናቱ ገና ሳትፀንሰው ለቁልቢ ገብርኤል ተስላ ነበር፤ ስእለቷም ልጁን ሁለት ዓመት ሳይሞላው ከአንድ ጃንጥላ ጋራ ይዛ ከደጁ ለመቆም ነበር። አንባብያን እንደሚያውቁት፣ ከአዲስ አበባ ወደ ሐረር በሚወስደው ጎዳና በሐረርጌ ደጋ ላይ ባለው፣ ራስ መኰንን ባሠሩት በዚህ ደብር የመልአኩ በዓል በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በታኅሣሥ 19 ቀንና በሐምሌ 19 ቀን ይከበራል። ልጃችን አንድ ዓመት ከዘጠኝ ወር ሆኖት ነበርና፣ ሐምሌን ብንጠብቅ የስእለቱ ጊዜ ያልፋል በማለት በታኅሣሥ 17 ቀን ማለዳ ተነሣን።

እስከ አዳማ ድረስ ልጁ ተኝቶ ነበር። ከመተሐራ በኋላ ግን ሙቀቱ በረታ፤ ‹‹ነፋስ ይመታናል›› የሚሉ ስለ በዙ የአውቶቡሱ መስኮቶች ተዘግተው ነበር። አዋሽ ስንደርስ ለምሳ ወረድን። ወቅቱ የነቢያት ጾም በመሆኑ ከሽሮና ከምስር በቀር በምግብ ቤቱ ሌላ ነገር አልነበረም፤ እናቱ ለልጁ ወተት በጠየቀች ጊዜ፣ በጾም፣ ያውም ለገብርኤል በሚሄድ መንገድ ምን ወተት ነው ብለው የተመለከቷት ሰዎች ነበሩ። እርሷም አፍራ ዝም አለች። ልጁም በርበሬ የበዛበትን ሽሮና ከመንገድ ዳር ተቈርጦ የሚሸጠውን ፓፓያ በላ። ሚኤሶ ሳንደርስ ተቅማጥና ትውከት ያዘው።

አብረውን የነበሩት ምእመናን ደጎች ነበሩ። አንዱ ውሃ፣ አንዷ ነጠላዋን ሰጠችን፤ ሁሉም ግን በአንድ ቃል የመንገድ ድካም ዋጋ አለው፣ መልአኩ ይጠብቀዋል፣ ወደ ኋላ እንዳትሉ ይሉን ነበር። ወደ ጭሮ በሚወጣው ዳገት ላይ ልጁ ሲያለቅስ እንባ እንደማይወጣው፣ ዓይኖቹ እንደ ጐደጐዱ፣ ከንፈሩም እንደ ደረቀ አየን። ቀድሞ አሰበ ተፈሪ ትባል በነበረችው በዚች ከተማ እንውረድ ባልን ጊዜ ግን እናቱ እንቢ አለች። የሰጠኝን ጌታ ቃሌን አጥፌ ባስቀይመው ይወስድብኛል የሚል ፍርሃት ይዟት ነበር። ይህን ፍርሃት የማያውቅ ሰው በእናቲቱ ላይ ለመፍረድ አይቸኩል።

በዚያ ሰዓት ለንስሐ አባታችን ስልክ ደወልን። እርሳቸውም ነገሩን ሰምተው ስልኩን ለእርሷ እንድንሰጥ አዘዙና ስለ ሳሙኤል እናት ስለ ሐና አነሡላት። ሐና እንደ እርሷ የስእለት ልጅ እናት እንደ ነበረች፣ ነገር ግን ልጁ ጡት ሳይጥል ወደ በዓል እንዳልወጣች፣ ይህም በደል ሆኖ እንዳልተቈጠረባት ነገሯት። የቀኑን ማለፍ በእኔ ላይ አድርጊው፣ እኔ በጸሎት እይዘዋለሁ፣ አሁን ውረጂ አሏት። ወረደች።

በጤና ጣቢያው ያገኘናት ነርስ ‹‹ለምለም›› የሚባለውን በከረጢት ያለ ዱቄት በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ በጥብጣ፣ በየጥቂት ደቂቃው በማንኪያ እንድንሰጠው፣ ቢያስመልሰውም ዐሥር ደቂቃ ያህል ቈይተን እንደ ገና እንድንጀምር፣ ጡቱንም እንዳንከለክለው አስተማረችን። ከረጢቱ በማይገኝበት ስፍራ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ስድስት ልክ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ብቻ በጥብጦ መስጠት እንደሚቻልም ነገረችን፤ ጨው ከልኩ ቢበልጥ ይጎዳል። ልጁ መጠጣት ካቃተው ወይም ፈዝዞ ከተኛ ግን ማንኪያውን ይዞ መቀመጥ ሳይሆን ወደ ሐኪም መሮጥ ይገባል። ሌሊቱን ሁሉ በማንኪያ አደርን። ሊነጋጋ ሲል ልጁ ሸና። ይህን መጻፍ ለእንዲህ ያለ መጽሔት የሚመች ባይመስልም፣ በሽንት ምክንያት ተንበርክኮ ፈጣሪውን ያመሰገነ ሰው ቢኖር እኛ ነን። በዓሉ ግን አለፈን፤ ወደ ቁልቢ የሚጓዙት መኪናዎች እየዘመሩ በደጃፋችን ሲያልፉ ሁለት ሌሊት ሰማን።

ንስሐ አባታችን ያነሡትን ታሪክ ከዚያ በኋላ ደጋግመን አነበብነው። ሕልቃና እንደ ልማዱ ቤተ ሰቡን ይዞ ወደ ሴሎ ሲወጣ ሐና ከሕፃኑ ጋራ ቀርታለች፤ ሕልቃናም ደስ ያሰኛትን እንድታደርግ ፈቀደላት እንጂ አልገሠጻትም (1ኛ ሳሙ. 1፥21-24)። ጡት መጣል ፈጥኖ የሚፈጸም አይደለምና ያለፏት በዓላት ከአንድ የበለጡ እንደ ነበሩ መገመት ይቻላል። ጊዜው በደረሰ ጊዜ ግን ወይፈንና ዱቄት፣ የወይን ጠጅም ይዛ፣ ልጁን ራሷ አቀረበች። ስእለቷ በመዘግየቷ አልጎደለም።

በአውቶቡሱ ውስጥ የሰማነው ነገር፣ የመንገድ ድካም ዋጋ አለው የሚለው፣ እውነት ነው፤ ነገር ግን ዋጋው የማን ነው? በቁልቢ ዳገት ድንጋይ በጫንቃቸው ተሸክመው የሚወጡ ምእመናን አሉ። ያ ሸክም መሥዋዕት የሚሆነው ተሸካሚው ወድዶ ስለ ተሸከመው ነው። ድንጋዩን በራሱ ትከሻ ሳይሆን በጎረቤቱ ትከሻ ላይ ጭኖ ዋጋ የሚጠብቅ ሰው ቢኖር ሁላችን እንስቅበታለን። ሕፃኑን በረኀብ፣ በጥማትና በእንቅልፍ ዕጦት መንዳትም ከዚህ ብዙ የሚለይ አይደለም፤ የሚደክመው እርሱ ነው፣ ያልተሳለውም እርሱ ነው።

ያዕቆብ ከላባ ቤት ሲመለስ ዔሳው ከአራት መቶ ሰዎች ጋራ ሊቀበለው ወጥቶ አብረን እንጓዝ ባለው ጊዜ፣ ከሁለቱ ወንድማማች መታረቅ የሚበልጥ በዓል በዚያ ቀን አልነበረም። ያዕቆብ ግን ልጆቹ ደካሞች መሆናቸውን፣ የሚያጠቡትም መንጎች አንድ ቀን እንኳ በግድ ቢነዱ እንደሚያልቁ ገልጾ፣ ወንድሙ እንዲቀድም፣ እርሱ ግን በልጆቹ እርምጃ ልክ በዝግታ እንደሚከተል ነገረው (ዘፍ. 33፥12-14)። ያን ያህል ፈርቶት ለነበረው ወንድሙ ይህን ለማለት ድፍረት ይጠይቃል። ዛሬም ለአማት ወይም ለአባት፣ ዘግይተን እንመጣለን፣ በመንገድ አንድ ሌሊት እናድራለን ለማለት የማይደፍሩ ባልና ሚስት ብዙዎች ናቸው።

ስለ ጾሙም አንድ ነገር እንበል። ልጆች ጾምን የሚለማመዱት ከሰባት ዓመት ጀምሮ መሆኑ የታወቀ ነው፤ ለሁለት ዓመት ልጅ ወተት የምትጠይቅ እናት ጾም አልሻረችም። ይሁን እንጂ በጾም መንገድ ወተት እንደማይገኝ ዐውቆ ለልጁ የሚስማማውን ስንቅ፣ የፈላ ውሃም ጭምር፣ ከቤት መያዝ የአባት ድርሻ ነው፤ እኛ ጃንጥላውን አልረሳንም፣ ይህን ግን ረስተን ነበር።

ከመንገዱ በኋላ ደግሞ የአያት ቤት አለ። ዘመድ ሁሉ ተሰብስቦ፣ ቄጠማ ተጎዝጉዞ፣ ሕፃኑ ገና ከጀርባ ሳይወርድ ከእጅ ወደ እጅ ይቀባበሉታል። ልጁ የማያውቀው ፊት ሲበዛበት ይጮኻል፤ አያቲቱም ዓመት ሙሉ ጠብቀው እንቢ ስላላቸው ያዝናሉ፤ ምራት ናት ያላስለመደችው የሚል ሹክሹክታም አይጠፋም። ጥቂት መታገሥ ይህን ሁሉ ያቀልለዋል። የእኛ ልጅ ለፋሲካ ወደ አያቱ ቤት በሄደ ጊዜ፣ አማታችን ወደ እርሱ ሳይመጡ ከጓዳ ደጃፍ ቁጭ ብለው እንቁላል ይልጡ ጀመር። ከብዙ ጊዜ በኋላ ልጁ ራሱ ሄዶ ከጕልበታቸው ተደገፈ።

በበዓል ቤት ያለው አደጋ ግን በትዕግሥት ብቻ አይመለስም። የቡናው ከሰል ማንደጃና የፈላው ጀበና መሄድ በጀመረ ልጅ እጅ ቁመት ላይ ናቸው፤ ረከቦቱ ወደ ጥግ ቢገባና አንድ ሰው ልጁን ብቻ እንዲጠብቅ ቢመደብ በዓሉ ምንም አይጎድልበትም። ቆሎና ኦቾሎኒ ለትንሽ ልጅ ምግብ አይደሉም፤ መንጋጋው ያላደቀቀው ፍሬ ወደ አየር ቧንቧ ገብቶ ትንፋሹን ሊዘጋው ይችላል፤ በቄጠማው ላይ የወደቀውንም ከሁሉ በፊት የሚያገኘው እርሱ ነው። በጣት ጠጅ አጥቅሶ ማቅመስ፣ ለጨዋታ ብለው የሚያደርጉት ሽማግሎች ቢቀየሙም፣ መከልከል አለበት። ቤቱ ጠብቦ ሕፃኑ ለብቻው ሲተኛ ደግሞ፣ ብርድ እንዳይነካው ተብሎ ፍም ያለበትን ማንደጃ በተዘጋ ክፍል ከእርሱ ጋራ መተው ልጁን ለጭሱ መርዝ አሳልፎ መስጠት ነው።

ወደ ካህናት ወንድሞቻችን ደግሞ አንድ ልመና አለን። በጽጌ ወራት፣ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ቀን፣ እመቤታችን ሕፃኗን ይዛ በምድረ በዳ ስለ መንከራተቷ ሌሊቱን ሁሉ ቆመን እንዘምራለን። በማግሥቱ ልጇ ያለቀሰባት መንገደኛ እናት ከሩቅ ሀገር መጥታ በደጀ ሰላሙ ስትቆም፣ ዝም አሰኝው ወይም አውጪው የሚል ድምፅ ከእኛ መካከል ሲሰማ ዜማው ወዴት ሄደ ያሰኛል። በትልልቅ የንግሥ በዓላት ሕፃን ለያዙ እናቶች ጥላ ያለበት ስፍራና የሚጠጣ ንጹሕ ውሃ ማዘጋጀት፣ የጠፋ ልጅ የሚቀመጥበትንም ስፍራ በድምፅ ማጉያ አስቀድሞ መናገር ለሰበካ ጉባኤ ከባድ ወጪ አይደለም። በወላጆችም በኩል የስልክ ቍጥርን በወረቀት ጽፎ በልጁ ልብስ ውስጥ መስፋት ቀላል ነገር ነው። ሕዝብ በበዛበት ስፍራ ደግሞ አንቀልባን የሚያህል የለም፤ በእጅ የተያዘ ልጅ ያመልጣል፣ የታዘለ ልጅ ግን የእናቱን ልብ ምት እየሰማ ይተኛል።

እኛም በሐምሌ 19 ቀን ወደ ቁልቢ ደረስን። የሐምሌው በዓል የሦስት ዓመቱ ሕፃን ቂርቆስና እናቱ ኢየሉጣ የሚታሰቡበት መሆኑን እናቲቱ በመንገድ ሳለን አስታወሰችን። የሐዋርያት ጾም አልፎ ነበርና ወተት በየከተማው ተገኘ። አዳማ አንድ ሌሊት፣ ጭሮ አንድ ሌሊት አደርን፤ በጭሮም ነርሷን ጠይቀን ልጁን አሳየናት። በደጋው ላይ ዝናብና ጭቃ ስለ ነበረ ሕዝቡ እኛ በገመትነው መጠን አልነበረም። ልጁ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆኖት፣ በእግሩም መሄድ አብዝቶ ነበርና የመጨረሻውን ዳገት ግማሹን ራሱ ወጣው፤ ጠጠር ባየ ቍጥር እየተቀመጠ ስለ ነበር ብዙ ሰዎች አለፉን።

ጃንጥላውን ለመስጠት ተራችን ሲደርስ ሌላ ነገር ሆነ። ልጁ ወርቀ ዘቦውንና ዘርፉን አይቶ ወደደው፤ እጀታውን በሁለት እጁ ይዞ አልሰጥም አለ። እናቱ ደነገጠች፤ እኛም ጣቶቹን ልናላቅቅ እጃችንን ዘረጋን። የሚቀበለው ዲያቆን ግን እጁን አንሥቶ ተዉት አለን፤ ከኋላችን የተሰለፉትንም በሌላው በኩል እንዲያልፉ አድርጎ፣ ከልጁ ፊት ዝቅ ብሎ ተቀመጠ። ልጁ ዘርፉን አንድ በአንድ ሲነካካ ቈየ፤ ከዚያም ጃንጥላውን ወደ ዲያቆኑ ገፋ አድርጎ፣ ውሃ ጠማኝ አለ።